የጎረቤት ጎተራ ለምን ይለያያል?

በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ዝናብ ይዘንብላቸዋል። አንድ ገበያ ይወጣሉ። በአንድ እድር ይቀባበራሉ። ከሩቅ ሆኖ ለሚያያቸው ሁሉም እኩል ይመስላሉ፤ የከተማ ሰውም «ገበሬ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ጠጋ ብለን ስናይ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሐምሌ ሲገባ የአንዱ ቤት ጎተራ ገና ግማሹ አልተነካም። የሌላው ጎተራ ከፋሲካ በፊት ተጠርጎ አልቋል። ሁለቱም ሠርተው አደሩ፤ ሁለቱም አልሰነፉም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

«እግዜር የሰጠው ነው» የሚል አለ። «ሰነፍ ስለሆነ ነው» የሚልም አይጠፋም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ትተን ሒሳቡን እናያለን። የምናየውም በአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ፣ በበሬ በሚታረስበት አገር ያለውን ኑሮ ነው።

ገቢ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ገቢ ሲባል ብር ብቻ ይመስለዋል። «ገቢህ ስንት ነው?» ቢባል «ምን ገቢ አለኝ፣ እኔ ገበሬ ነኝ» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ከማሳው አጭዶ፣ ከጎተራው ዝቆ የበላው እህል ገቢ ነው። ባይኖረው ኖሮ በብር ይገዛው ነበርና። ከላሙ ያለበው ወተት፣ ከጓሮ የተቀጠፈው ጎመን፣ ከባሕር ዛፉ የተቆረጠው ማገዶ፣ ሴቲቱ የሸጠችው እንቁላል፣ ልጁ ሁመራ ወይም መተማ ወርዶ ሰሊጥ አርሞ ይዞት የመጣው ብር፣ ሁሉም ገቢ ነው።

ወጪም እንዲሁ ነው። ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልብስ የወጣው ብር ብቻ ሳይሆን ከጎተራ ወጥቶ የተበላውም ወጪ ነው።

በአገራችን የቤተሰብን ገቢና ወጪ የሚያጠና መሥሪያ ቤት አለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል፤ ቀድሞ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል ነበር። ጠያቂዎቹ በየጊዜው ወደ ተመረጡ ቤቶች እየሄዱ ምን እንደተበላ፣ ምን እንደተገዛ ይመዘግባሉ። በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ለእነሱ «ቤተሰብ» ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ ከአንድ ድስት የሚበላው ሰው ሁሉ ነው። ዘመድም ይሁን ሠራተኛ፣ ከድስቱ ከበላ ይቆጠራል። ከጓሮ የመጣውንም እህል በገበያ ዋጋ ገምተው ይጽፉታል። ድሃ የሚሉትም ሲመነምን ያዩትን ሰው ሁሉ አይደለም። አንድ አዋቂ በቀን 2200 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብና ከዚያ ላይ የግድ የሚያስፈልገውን ልብስ፣ መብራት፣ የመሳሰለውን ለማግኘት ስንት እንደሚፈጅበት ያሰላሉ። በ2008 ዓ.ም. ይህ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7184 ብር ነበር፤ በቀን ሲካፈል 20 ብር ግድም ማለት ነው። ከዚያ በታች የዋለ ሰው ድሃ ተብሎ ተቆጠረ።

በዚህ መለኪያ በ1988 ዓ.ም. ከ100 ኢትዮጵያውያን 45ቱ ያህል ድሆች ነበሩ። በ1997 ወደ 39 ያህል፣ በ2003 ወደ 30 ያህል፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23 ያህል ወረደ። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ100 ሰው 26ቱ ነበሩ። ይህ ቁጥር የዚያን ዓመት ኑሮ የሚያሳይ ነው። ከዚያ ወዲህ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሥቷል፤ የእህልና የማዳበሪያ ዋጋም አሻቅቧል። ስለዚህ የዛሬ ኑሮ ነው ብለን አንወስደውም።

ቁጥሩ መውረዱ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን «26 ከመቶ» ሲባል እነዚያ 26ቱ እነማን ናቸው? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ወደ ማሳው እንውረድ።

ሦስት ቤት፣ አንድ ዓይነት መሬት

ሦስት ቤት አለ እንበል። ሒሳቡ እንዲቀለን ለሦስቱም እኩል 1 ሄክታር መሬት እንስጣቸው። በብዙ የደጋ ቀበሌ ከዚህ የበለጠ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አፈሩም አንድ ዓይነት ይሁን። ቁጥሩ ለምሳሌ የወሰድነው ነው፤ እናንተ በየቀበሌያችሁ መጠን ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ቤት ጥማድ በሬ አለው። ዝናቡ እንደጣለ በዕለቱ ያርሳል። ደጋግሞ አርሶ በጊዜው ይዘራል። 16 ኩንታል አገኘ እንበል። ለዘርና ለማዳበሪያ የወጣው 3 ኩንታል ያህል ይሆናል። 13 ኩንታል ተረፈው።

ሁለተኛው ቤት ያለው አንድ በሬ ነው። ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገጥሞ ያርሳል። አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለጎረቤቱ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ደግሞም የቆየ ነው። ነገር ግን ዝናብ ተራ አይጠብቅም። የእሱ ተራ እስኪደርስ መሬቱ ይደርቃል ወይም ይጨቀያል። ዘሩ በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይዘገያል። ያገኘው 14 ኩንታል ነው እንበል። 3ቱን ስናወጣ 11 ይቀራል።

ሦስተኛዋ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ናት። በሬ የላትም። ቢኖራትም የሚያርስላት ወንድ የላትም። በአገራችን ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ ትፈጫለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን ለሴት ነውር ነው ተብሎ ቆይቷል። ይህን ነውር ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። የእኩል አራሹ መጀመሪያ የራሱን ማሳ ያርሳል፤ የእሷ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። 14 ኩንታል ተገኘ እንበል። አራሹ ላወጣው ዘርና ማዳበሪያ 3 ኩንታል ከክምሩ ይነሣለታል። የቀረው 11 ለሁለት ይከፈላል። ለእሷ የደረሳት 5 ኩንታል ተኩል ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። መሬታቸው እኩል ነው። ለአንዱ 13፣ ለአንዱ 11፣ ለአንዷ 5 ተኩል ደረሰ። ነገሩም እዚህ አያበቃም። የእሷን መሬት ያረሰው የመጀመሪያው ቤት ከሆነ፣ የእሷ ሌላው 5 ኩንታል ተኩል ወደ እሱ ጎተራ ገብቷል። የእሱ 13 አሁን 18 ኩንታል ተኩል ሆነ። እሷ ካገኘችው ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ሰውየው ቀማኛ ነው አንልም። በሬውን ቀልቦ፣ ጉልበቱን አፍስሶ ያገኘው ነው። እሷም እሱ ባያርስላት መሬቷ ጦም ያድር ነበር። ግን በሬ ያለው ሰው የሌላውን መሬት ግማሽ ፍሬ ያገኛል፤ በሬ የሌለው የራሱን ግማሽ ያጣል። በደጋው አገር ሀብታምና ድሃ የሚለየው ከመሬቱ ስፋት ይልቅ በበሬው ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በሬ ደግሞ ይሞታል፤ በድርቅ ዓመት ይሸጣል። አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ ከሁለተኛው ቤት ወደ ሦስተኛው ቤት ለመውረድ አንድ ክረምት ይበቃዋል። መልሶ ለመውጣት ግን ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተደረገ ሌላ ጥናት ከአራት ቤት አንዱ የሚመራው በሴት ነበር። ሁሉም ድሆች ናቸው ማለት አይደለም፤ በደንብ የምትተዳደር ባለ ጠላ ቤት፣ ልጆቿ ውጭ አገር ሆነው ገንዘብ የሚልኩላት እናትም አለች። መሬቷን ለእኩል የምትሰጠዋ ባልቴት ሒሳብ ግን ከላይ ያየነው ነው።

መሬቱ ራሱ እንዴት ተከፋፈለ?

ቀድሞ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት ያለው በዘር ተቆጥሮ ነው። ዘሩን ቆጥሮ መድረስ ያልቻለ ሰው ርስት የለውም። በዚህ ከሁሉ የበለጠ የተጎዱት እጅ ሠሪዎች ነበሩ። ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ ድስትና ጋን የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሸምነው ሁሉ ባለሙያ ሆኖ ሳለ በስድብ ስም ይጠራ ነበር። በጎንደር የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ርስት አልነበራቸውም፤ የሚያርሱትም የሰው መሬት ነበር። በጣና ዳር ያሉት ወይጦዎችም ኑሯቸው በታንኳና በዓሣ ላይ ነበር። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ ማረስ አይችልም፤ ሴቲቱም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም። ግን አብረዋቸው ማዕድ አይቀርቡም፤ ልጅም አይሰጧቸውም። ይሄ ከንቀት አልፎ ወደ ሆድ የሚደርስ ነገር ነበር። መሬት የሌለው ሰው የዕቃውን ዋጋ የሚተምንለት እህል ያለው ሰው ነውና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ። ማንም በጉልበቱ ለማረስ የፈቀደ ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እስከ 10 ሄክታር መሬት እንዲሰጠው አዋጁ ደነገገ። በደጋው አገር ግን 10 ሄክታር የሚደርሰው ሰው ከየት ይመጣል? መሬቱ ሲካፈል ለአንድ ቤት የደረሰው ጥቂት ነበር። የሆነ ሆኖ ርስት ያልነበረው ብዙ ሰው ያን ጊዜ መሬት አገኘ።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል እንደገና ድልድል ተደረገ። ቀድሞ በሥልጣን ላይ የነበሩና «ቢሮክራሲ» የተባሉ ሰዎች መሬታቸው ተቀነሰ። ለሌላቸው፣ ከእነዚህም ውስጥ ለሴቶችና ለወጣቶች ተሰጠ። በጊዜው ብዙ ቅሬታ ያስነሣ ነገር ነው፤ ዛሬም ድረስ ሲወራ ሰው ይከራከርበታል። እኛ እዚህ የምናነሣው አንድ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ልጆች ወልዷል። ያን ጊዜ ድርሻ አልደረሰውም። አባቱ ከ1 ሄክታሩ ቆርሶ ግማሽ ጥማድ ይሰጠዋል ወይም አይሰጠውም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አባት ባለመሬት፣ ልጅ መሬት አልባ ሆኗል። ድሮ «ድሃና ሀብታም» ስንል ቤትና ቤት እናወዳድር ነበር፤ አሁን ሽማግሌና ወጣት ማወዳደርም ያስፈልጋል። ወጣቱ ወደ ሁመራ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ከተማ ግንባታ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከወሎ ብዙ ሴቶች ልጆች ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። የቀናት ብር ልካ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ ታለብሳለች። ያልቀናት ዕዳ ይዛ ትመለሳለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ለጉዞ የተበደሩትን እንኳ አልከፈሉም ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። ይህ ለሴት ትልቅ ነገር ነው። ባል ቢሞት ወንድሞቹ «መሬቱ የኛ ነው» ብለው ሊያባርሯት አይቀላቸውም። ብትፋታም ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። ለእኩል ስትሰጥም «መሬቱን አራሹ ያስቀርብኛል» ብላ የምትፈራው ፍርሃት ይቀንሳል። ደብተሩ በሬ አይሆናትም፤ ግን የምትደራደርበት ወረቀት ነው። ማንበብ የምትችል ከሆነ ደግሞ ምን እንደተጻፈበት ሌላ ሰው እንዲነግራት አትጠብቅም።

የጥር ዋጋና የሐምሌ ዋጋ

አሁን ወደ ሦስቱ ቤቶች እንመለስ። ይህን ክፍል እያንዳንዱ አንባቢ በጣቱ እየቆጠረ ቢያነብበው ደስ ይለናል።

ሦስተኛዋ ሴት 5 ኩንታል ተኩል አላት። ከሁለት ልጆቿ ጋር በዓመት 5 ኩንታል ይበቃታል እንበል። እንግዲህ እህሉ ይበቃታል፤ እንዲያውም ግማሽ ኩንታል ይተርፋታል። ታዲያ ለምን በክረምት ትራባለች?

ምክንያቱም ጥር ላይ ብር ያስፈልጋታል። የመሬት ግብር አለ። የልጆች ደብተርና ልብስ አለ። ባለፈው ክረምት የተበደረችው አለ። የእድር አለ። ስለዚህ 2 ኩንታል ወደ ገበያ ታወጣለች። ጥር ላይ ሁሉም ሰው እህል ያወጣል፤ ገበያው ይጠግባል፤ ዋጋው ይወርዳል። 1 ኩንታል 4000 ብር ነው እንበል። 8000 ብር አገኘች። የቀራት 3 ኩንታል ተኩል ነው። ይህ ሰኔ ላይ ያልቃል።

ሐምሌ ላይ የጎደላትን 1 ኩንታል ተኩል መግዛት አለባት። ግን አሁን ሻጩ ጥቂት ነው። 1 ኩንታል 5500 ብር ገብቷል እንበል። 1 ኩንታል ተኩል 8250 ብር ይሆናል። ጥር ላይ 2 ኩንታል ሸጣ ያገኘችው 8000 ብር ነበር። ብሩን ምንም ሳትነካው አስቀምጣው ቢሆን እንኳ የሸጠችውን 2 ኩንታል ቀርቶ 1 ኩንታል ተኩሉን መልሳ መግዛት አትችልም። 250 ብር ይጎድላታል።

የመጀመሪያው ቤት ደግሞ ምን ያደርጋል? ለቀለቡ 8 ኩንታል ቢያስቀር 10 ኩንታል ተኩል ይተርፈዋል። ለጥር ወጪው ጥቂት ይሸጣል። 5 ኩንታል አቆይቶ ሐምሌ ላይ ያወጣል። ኩንታሉ ላይ 1500 ብር ስለጨመረ፣ በ5 ኩንታል 7500 ብር ተጨማሪ ያገኛል። ለዚህ ብር አንድ ቀን እንኳ አላረሰም። ያደረገው መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅ የሚችለው ግን የጠገበ ሰው ነው።

የእህል ዋጋ ሲጨምር «ገበሬው ተጠቀመ» ይባላል። የትኛው ገበሬ? ሻጭ የሆነው ይጠቀማል። ሐምሌ ላይ ሸማች የሆነው ገበሬ ግን ይጎዳል። እንዲያው በቃል የምንለው አይደለም። የዓለም ባንክ የኢትዮጵያን ጥናቶች መርምሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. በአገሩ ድህነት በጠቅላላው ሲቀንስ ከሁሉ በታች ያሉት ድሆች ኑሮ ግን እንዳልተሻሻለ አመልክቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ የእህል መወደድ ነበር። ለብዙ ገበሬ ሲሳይ የሆነው ዋጋ እህል ገዝቶ ለሚበላው ጦስ ሆነበት።

ዕዳው

ሴቲቱ ሐምሌ ላይ ብሩ ከየት ይመጣላታል? ትበደራለች። 3000 ብር ተበደረች እንበል፤ ወለዱ ከ100 ብር በወር 10 ብር ነው። ይህ አራጣ ነው። በ3000 ብር ሐምሌ ላይ የምታገኘው እህል ግማሽ ኩንታል ያህል ነው። እስከ ጥር 6 ወር አለ። በየወሩ 300 ብር፣ በ6 ወር 1800 ብር ይወልዳል። ጥር ላይ 4800 ብር ትከፍላለች። ያን ብር ለማግኘት፣ በጥር ዋጋ፣ 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ መሸጥ አለባት። ግማሽ ኩንታል በልታ 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ መለሰች። በሚመጣው ዓመት ጎተራዋ ገና ሲሞላ በዚያው ልክ ጎድሏል።

አንዳንዱ ከዚህ ይከፋል። መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል። አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ መሬቱን እያረሰ ፍሬውን ይበላል፤ ዋናው ብር ግን ከነነፍሱ ይቆያል። አንዳንዱም እህሉ ገና ሳይደርስ፣ ማሳ ላይ እያለ በርካሽ ይሸጠዋል።

የገጠር ብድርና ቁጠባ ተቋማት ከአራጣ ባነሰ ወለድ ያበድራሉ። የቁጠባና ብድር ማኅበራትም በየቦታው አሉ። ይህ ይረዳል። ግን ብዙ ጊዜ ብድሩ የሚሰጠው ለበሬ፣ ለማደለቢያ፣ ለንግድ ነው። ሐምሌ ላይ ልጅ ሲርበው የሚደርሰው አራጣ አበዳሪው ነው፤ ቅርብ ስለሆነ፣ ወረቀትም ስለማይጠይቅ።

ወጪውስ?

ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። በ1857 እ.ኤ.አ. የቤልጂግ ሠራተኞች ቤተሰቦች ብራቸውን በምን በምን ላይ እንደሚያውሉ መረመረ። ያገኘውም ነገር ይህ ነው፦ ቤቱ ድሃ በሆነ ቁጥር ከገንዘቡ ውስጥ ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል። ሀብታም ከድሃ የበለጠ ይበላል፤ ነገር ግን ሆድ ወሰን አለው፤ ሲተርፈው ለሌላ ነገር ያውላል። ይህ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኖ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የኛም አገር እንዲሁ ነው።

ይህን በራሳችን ቤት ማየት እንችላለን። ከ10 ብር 8ቱ ለምግብ የሚሄድበት ቤት፣ 2 ብር ይቀረዋል። በ2 ብር ልብስ፣ መድኃኒት፣ ደብተር፣ ማዳበሪያ ማብቃቃት አለበት። ልጅ ቢታመም ከየት ያመጣል? ከምግቡ ይቀንሳል ወይም በግ ይሸጣል። ከ10 ብር 5 ብር ብቻ ለምግብ የሚሄድበት ቤት ልጁ ቢታመም ያሳክማል፤ በጉም አይሸጥም። ስለዚህ አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት ድርቅ በሁለት ቤት ላይ ሲወድቅ አንዱን ያስነጥሰዋል፣ አንዱን ይጥለዋል።

ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግም አንድ ነገር እንበል። ብዙ ጊዜ ድሃውን «ድግስ አደኸየህ» ብለው ይወቅሱታል። እውነት የሆነበት ቦታ አለ፤ ለአንድ ቀን ተዝካር በሬውን አርዶ ለዓመቱ የሰው በሬ የሚለምን ሰው እናውቃለን። ነገር ግን ድግስ ባዶ ወጪ ብቻም አይደለም። ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት፣ መቀናጆ የሚገጥመው፣ በክፉ ቀን እህል የሚያበድረው ሰው የሚገኘው በዚያው በድግሱ፣ በማኅበሩ፣ በእድሩ ነው። ከዚህ ሁሉ ቀርቶ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ ሌላ ድህነት ይጨመርበታል። ልኩን ማወቅ ነው እንጂ ጨርሶ ተው ማለት አይሆንም።

በከተማና በገጠር

ሊቃውንት ልዩነትን በአንድ ቁጥር ይለኩታል፤ ጂኒ ይሉታል። 10 ሰዎች 10 እንጀራ አንድ አንድ ቢካፈሉ ቁጥሩ 0 ይሆናል። አንዱ ዐሥሩንም ቢወስድ ወደ 1 ይጠጋል። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ቁጥር 0.38 ግድም፣ በገጠር 0.28 ግድም ነበር። በከተማ ልዩነቱ ይሰፋል ማለት ነው። በከተማ ፎቅ ያለው ነጋዴና ላስቲክ ቤት የሚያድር ተሸካሚ አብረው ይኖራሉ። በገጠር እንዲህ ያለ ሀብታም የለም።

ግን በዚህ ቁጥር አንታለል። በዚያው ዓመት በገጠር ከ100 ሰው 26ቱ ያህል ድሆች ነበሩ፤ በከተማ 15ቱ ያህል። ገጠር የበለጠ እኩል ሆኖ ሳለ የበለጠ ድሃ ነበር። ለአሥር ሰው አምስት እንጀራ ብቻ ቀርቦ እኩል ቢካፈሉትም አይጠግቡም። ደግሞም ሀብታሙ ጎረቤት ትንሽ ብቻ ቢበልጥም፣ ያቺ ትንሽ በሬ ስትሆን ምን እንደምታደርግ ከላይ አይተናል።

ጠያቂው ሲመጣ

አንድ ቀን ጠያቂው በእናንተ ደጅ ሊቆም ይችላል። «ትናንት ምን በላችሁ? በዚህ ሳምንት ስንት ኪሎ በርበሬ ገዛችሁ? ስንት በግ አላችሁ?» ይላል። ብዙ ሰው ይፈራል። «ግብር ሊጨምሩብኝ ነው» ብሎ በጉን ይደብቃል። ሌላው ደግሞ እርዳታ ይመጣል ብሎ እህሉን ይሸሽጋል። አንዳንዱም ላለማፈር የሌለውን አለኝ ይላል። ሦስቱም ሒሳቡን ያበላሹታል። ይህ ጥናት ለግብር አይውልም፤ የሰውየውም ስም አይወጣም። ያለ እውነተኛ መልስ ግን ያቺ ባልቴት ከመጀመሪያው ቤት ጋር ባንድ ላይ «ገበሬ» ተብላ ትቆጠራለች።

ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የሚያስፈልገው ቤት ማን እንደሆነ እንዲለይ የተደረገው በየቀበሌው ሰዎች ነው። መሥራት የሚችለው ሰው በወር 5 ቀን በእርከን፣ በመንገድ፣ በችግኝ እየሠራ እህል ወይም ብር እንዲቀበል፣ አቅም የሌለው ደግሞ ሳይሠራ እንዲረዳ ተባለ። እዚያም ላይ ክርክር አይጠፋም፤ ዘመድ ይገባል፣ ዝም ያለች ሴት ትቀራለች። ስብሰባ ላይ ቆማ «የኔ ጎተራ በሰኔ ያልቃል፣ ሒሳቡ ይኸው» ብላ ወረቀት የምታሳይ ሴት ግን በቀላሉ አትዘለልም።

ያን ወረቀት ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከልጅ ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 መስመር ይሰመራል፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትሁን። በግራ በኩል የገባው፣ በቀኝ በኩል የወጣው ይጻፋል። እህሉ በቁና ወይም በኪሎ ተለክቶ ይግባ፤ የተበላውም ይጻፍ። ተበድረን ያመጣነው ብር ከገቢው ጋር አይደመር፤ ለብቻው በሌላ መስመር ይሁን፤ ይመለሳልና። የሰው በሬ የዋሰንበትም ቀን ይቆጠር፤ በጉልበታችን ከፍለንበታልና። እንቁላሉ፣ ጌሾው፣ የተፈተለው ጥጥ የሴቲቱ ከሆነ በእሷ ስም ይጻፍ።